ከጎታ የወጣችው ሴትዮ፦ ቻታልሆዩክ እና የተወራላት ታሪክ

አንድ ተማሪዬ በቴሌግራም አንድ ዜና ላከልኝ። ርዕሱ ከ9,000 ዓመት በፊት በሴቶች ትተዳደር የነበረች ከተማ መገኘቷን ያበስራል። ከርዕሱ ሥር የአንዲት ወፈር ያለች ሴት የሸክላ ምስል አለ፤ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን በግራና በቀኝ በቆሙ ሁለት አውሬዎች ራስ ላይ አሳርፋለች። ከዚያ የልጁ ጥያቄ ይከተላል፦ «ዶክተር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?»

በአንድ ቃል መልሼለት ብገላገል ደስ ባለኝ። ግን አይሆንም። ከተማ መሆኗ ራሱ አጠያያቂ ነው። «ያስተዳድሩ ነበር» ለሚለው ማስረጃ የለም። ምስሏ ደግሞ ከዜናው ጥናት ጋር አትገናኝም፤ ከመሬት የወጣችው በ1961 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያም ሆኖ ዜናው ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። ስለ እነዚያ ሴቶች በእርግጥ አንድ ትልቅ ነገር ታውቋል፤ ርዕሱ ግን ያንን ትልቅ ነገር ሸፍኖ በአሮጌ ወሬ ተካው።

ስለዚህ መልሱን እዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። የምተቸው የዜናውን ጸሐፊ አይደለም፤ እሱ የመጨረሻው ተቀባይ ነው። ወሬው የተጀመረው ከስድሳ ዓመት በፊት፣ በአንድ ጎበዝ አርኪዮሎጂስት እና በአንድ ውብ መጽሐፍ ነው።

መደብ፣ ጎታ፣ ልስን

ቻታልሆዩክ የምትገኘው በቱርክ፣ በኮንያ ሜዳ ላይ ነው። «ሆዩክ» በቱርክኛ ሰው ኖሮበት የተቆለለ ጉብታ ማለት ነው፤ ዐረቦች «ተል» ይሉታል። ከሩቅ ሲያዩት ተራ ኮረብታ ይመስላል። ግን ተፈጥሮ የሠራው አይደለም። ሰዎች በጭቃ ጡብ ቤት ይሠራሉ፤ ቤቱ ሲያረጅ የላይኛውን ግድግዳ አፍርሰው ውስጡን በፍርስራሹ ይሞሉና በዚያው ላይ፣ ብዙ ጊዜም በአሮጌው ግድግዳ ልክ፣ አዲስ ቤት ያቆማሉ። ይሄ ከሺህ ዓመት በላይ ሲደጋገም ሜዳው ላይ 20 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ጉብታ ተነሣ። ምሥራቃዊው ጉብታ 13 ሄክታር አካባቢ ይሸፍናል፤ ቀደምቶቹ ቤቶች በ7400 ዓ.ዓ. አካባቢ የተሠሩ ሲሆኑ ጉብታው እስከ 6200 ዓ.ዓ. ገደማ አሥራ ስምንት የመኖሪያ ደረጃዎችን ደራርቧል። አጠገቡ ያለው ምዕራባዊ ጉብታ ኋላ የተጨመረ ነው። ዩኔስኮ ሥፍራውን በ2012 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

መንደሯ መንገድ አልነበራትም። ቤቶቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው ስለተሠሩ ሰው የሚሄደው በጣሪያ ላይ ነው፤ ወደ ቤት የሚገባውም በጣሪያው ቀዳዳ በመሰላል ወርዶ ነው። ከመሰላሉ ሥር ምድጃ አለ፤ ጭሱ ሰው በሚገባበት ቀዳዳ ይወጣል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስለዚህች መንደር በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ለብዙ ጊዜ በፈረንጅኛው ቃል እየታገልኩ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ፤ ቃሎቹ አያቶቻችን ቤት አሉ። ከወለሉ ከፍ ብሎ በጭቃ የተሠራው መቀመጫና መኝታ መደብ ነው። ከቤት ጥግ በጭቃ የተሠራው የእህል ማኖሪያ ጎታ ነው። በነጭ አፈር በየጊዜው የሚታደሰው የግድግዳ ቅብ ልስን ነው፤ በአንዳንድ ግድግዳ ላይ በመቶ የሚቆጠር የልስን ሽፋን ተቆጥሯል። መሣሪያ የሚጠርቡበት ጥቁር የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ደግሞ ከቀጰዶቅያ ተራሮች የመጣ ባልጩት ነው። በጭቃ ቤት ያደገ ሰው ይህንን ቤት ግማሽ በግማሽ ያውቀዋል። የማያውቀው ነገር አንድ ነው፦ ሙታኑ። ሬሳው እጥፍጥፍ ተደርጎ ከመደቡ ሥር ይቀበራል፣ መደቡ እንደገና ይለሰናል፣ ሰውም ከላዩ ላይ መኖሩን ይቀጥላል።

ውብ መጽሐፍ፣ ቀድሞ የተጻፈ መልስ

ጉብታውን በ1958 ለዓለም ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ጄምስ ሜላርት ነው። በ1961፣ 1962፣ 1963 እና 1965 በአራት የቁፋሮ ወቅት ከመቶ በላይ ክፍሎችን ከፈተ። የጥንቱ ታሪክ ካርታ በአንድ ጊዜ ተለወጠ ማለት ይቻላል። እስከዚያ ድረስ ብዙ ምሁራን አናቶሊያ በኒዮሊቲክ ዘመን ይህን ያህል ሕዝብና ሥዕል ይኖራታል ብለው አላሰቡም ነበር። ሜላርት ደግሞ ግድግዳ ላይ የተሣሉ አሞራዎችን፣ ጭንቅላት የሌላቸው ሰዎችን፣ በጭቃ የተለሰኑ የበሬ ራሶችን ከነቀንዳቸው፣ ፊት ለፊት የቆሙ የነብር ቅርጾችን አወጣ። ይሄን ማንም አይወስድበትም።

በ1967 ያሳተመው መጽሐፍ እስከ ዛሬ የሚነበብ ነው። አጻጻፉ ጥርት ያለ ነው፤ ሥዕሎቹ ያፈዝዛሉ። የኔ ችግርም እዚያ ላይ ይጀምራል። መጽሐፉን ስታነቡት ደራሲው ያየውን እና የገመተውን የሚለይ መስመር አታገኙም። ሁለቱም በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ተጽፈዋል።

ምሳሌ ልስጥ። የበሬ ቀንድ ወይም ቅርጽ ያለበትን ክፍል ሁሉ ሜላርት «መቅደስ» ይለዋል። መቅደስ ካለ ካህናት አሉ፤ ስለዚህ የቆፈረው ሠፈር የካህናት ሠፈር ሆነ። ታዲያ ኋላ የመጡት ቆፋሪዎች ወለሉን በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩት ያገኙት ምንድን ነው? አመድ፣ የእህል ቅሪት፣ የባልጩት ፍንጥርጣሪ፣ የምግብ አጥንት። እነዚያ «መቅደሶች» ሰው የሚያበስልባቸው፣ የሚተኛባቸው፣ መሣሪያ የሚጠርብባቸው ቤቶች ናቸው። ጌጣቸው ከሌላው በዝቶ ሊሆን ይችላል፤ ግን መኖሪያ ናቸው። እስካሁን ከተቆፈረው የጉብታው ክፍል የተለየ መቅደስ ወይም ቤተ መንግሥት አልተገኘም።

ሁለተኛው መደቡ ነው። በሜላርት አነጋገር ትልቁ መደብ የቤቱ እመቤት ነው፤ ትንሹ የጥግ መደብ የወንዱ። ከዚህ ተነሥቶ ቤቱ የሴትየዋ እንደሆነ ይነግረናል። ይሄ ሊፈተሽ የሚችል አባባል ነው፤ ተፈተሸም። በኋለኛው ቁፋሮ ከየመደቡ ሥር የወጣው አጽም ይህን ክፍፍል አልደገፈም።

ሦስተኛው አሞራዎቹ ናቸው። ግድግዳው ላይ አሞራ ጭንቅላት በሌለው ሰው ላይ ሲያንዣብብ አየ፤ ስለዚህ ሬሳ መጀመሪያ ለአሞራ ይሰጣል፣ ከዚያ አጥንቱ ይቀበራል አለ። መልካም፤ ግን ከመደቡ ሥር የወጡት አጽሞች አብዛኞቹ መገጣጠሚያቸው በቦታው ያለ፣ ሥጋቸው ሳይረግፍ የተቀበሩ ሰዎች ናቸው። ሥዕሉ እውነት ነው። የሥዕሉ ትርጉም ግን አጥንቱን ሳይጠይቅ ተወሰነ።

ይሄ ሁሉ ተራ ስህተት ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። ሳይንስ በስህተት ነው የሚሄደው። ችግሩ ቁፋሮ እንደ ላቦራቶሪ ሙከራ የማይደገም መሆኑ ነው። አንድን ወለል ከቆፈርኩት በኋላ ያ ወለል የለም። የቀረኝ ማስታወሻዬ፣ ፎቶዬ፣ የለቀምኩት ነገር እና እያንዳንዱ ነገር የት እንደነበረ የሚናገረው መዝገብ ብቻ ነው። መዝገቡ ቀድሞ በተወሰነ መልስ ከተጻፈ፣ ከስልሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው የሚፈትሸው ነገር አያገኝም።

ሥዕል ያለ ፎቶ

የሜላርት ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይከፋል። በ1959 «ዶራክ» ስለሚባል ሀብት በአንድ የለንደን ጋዜጣ ላይ አስደናቂ ሥዕሎች አወጣ። በባቡር ያገኛት አንዲት ወጣት ኢዝሚር ቤቷ ወስዳ እንዳሳየችው፣ እሱም ቁጭ ብሎ እንደሣለው ተናገረ። ፎቶ የለም። ሀብቱንም ልጅቷንም እስከ ዛሬ ያገኘ የለም። የቱርክ መንግሥት በዚህ ተቆጣ፤ ከ1965 በኋላ ሜላርት ቻታልሆዩክን አልቆፈረም። ጉብታው ለሃያ ስምንት ዓመት ያህል ተዘግቶ ቆየ።

በ1989 ደግሞ ሜላርት ከሁለት ሰዎች ጋር ሆኖ ስለ አናቶሊያ አምላክት ባለ አራት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። በውስጡ ቀደም ሲል ያልታተሙ በርካታ የቻታልሆዩክ የግድግዳ ሥዕሎች አሉ፤ እንደ አጋጣሚ ከዛሬዎቹ የቱርክ ኪሊም ምንጣፎች ንድፍ ጋር አንድ ናቸው። ፎቶስ? የለም፤ ዋናዎቹ መረጃዎች በቤት ቃጠሎ ወደሙ ተባለ። የጨርቃ ጨርቅና የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ወዲያው ጮኹ። የምንጣፍ ነጋዴዎች ግን ደስ አላቸው፤ ለምን አይደሰቱ፣ ዕቃቸው በአንድ ሌሊት የ8,000 ዓመት ታሪክ አገኘ።

ሜላርት በ2012 ሞተ። በ2018 ኤበርሃርድ ዛንገር የተባለ ተመራማሪ የሜላርትን የለንደን ቤት ሲፈትሽ የግድግዳ ሥዕል መለማመጃዎችንና የተፈበረኩ ጥንታዊ ጽሑፎችን ማግኘቱን ይፋ አደረገ። የሚያሳዝነው፣ ዛንገር ራሱ ከአንድ ዓመት በፊት ከሜላርት ወረቀቶች የወጣ ጽሑፍን እውነተኛ ብሎ ካሳተሙት አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሚዛን ያስፈልጋል። ከዚህ ተነሥቶ «ሁሉም ፈጠራ ነው» ማለትም ሌላ ችኮላ ነው። በ1960ዎቹ ፎቶ የተነሡት የበሬ ራሶች፣ አሞራዎች፣ ነብሮች አሉ፤ የኋለኞቹ ቆፋሪዎችም ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። የተበላሸው ድንበሩ ነው። የትኛው የጉብታው፣ የትኛው የሜላርት እንደሆነ ለመለየት ዛሬም እያንዳንዱን ሥዕል ፎቶ አለው ወይ እያሉ መጠየቅ ግድ ሆኗል።

ሴትየዋ

አሁን ወደ ተማሪዬ ምስል እንመለስ። ሴትየዋ ከተተኮሰ ሸክላ የተሠራች ናት። ስትገኝ ራስ አልነበራትም፤ ዛሬ በየመጽሐፉ የምናየው ፊት በዘመናችን ባለሙያ የተጨመረ ነው። ከእግሮቿ መካከል ትንሽ ድቡልቡል ነገር አለች፤ ሜላርት የሚወለድ ሕፃን ራስ ነው አለ። አውሬዎቹን ስለተደገፈች የአራዊት እመቤት፣ ስለምትወልድ የመራባት አምላክት፣ ሰፊ ስለሆነች ታላቋ እናት ሆነች። ከዚያ ሊቱዌኒያዊቷ ምሁር ማሪያ ጊምቡታስ ስለ ጥንታዊቷ አውሮፓ እናት አምላክት በጻፈችው ውስጥ ገባች። በ1990ዎቹም ከአሜሪካና ከአውሮፓ ጉብታውን እንደ ቅዱስ ሥፍራ የሚሳለሙ ቡድኖች ይመጡ ጀመር።

የተገኘችው የት ነው? በእህል ማኖሪያ ውስጥ። ጎታ ውስጥ።

ይቺ አንዲት ዝርዝር ከምስሉ ውበት ሁሉ ትበልጥብኛለች። ጎታ ውስጥ የተቀመጠ ነገር እህሉን ይጠብቅ ይሆናል፤ ለመጪው ዓመት ምርት የተደረገ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ሲዘጋ የተጣለም ሊሆን ይችላል። አምላክ ግን ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ሰው በሚያየው ቦታ ነው። በኋለኛው ቁፋሮ ወደ 2,000 የሚጠጉ ትናንሽ ምስሎች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹ የእንስሳት ናቸው፤ በግልጽ ሴት የሆኑት ጥቂት ናቸው። የተገኙትም በብዛት ከቆሻሻ መጣያ ነው፤ በጣት ተጨፍልቀው ቶሎ የተሠሩ፣ ቶሎም የተጣሉ። ከዚህም ሌላ ሴትየዋ የመጣችው ከጉብታው የላይኛው ክፍል፣ የመንደሯ ዕድሜ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ነው። እንደ እሷ ያሉ ትልልቅ የሴት ምስሎች በብዛት የሚታዩት በኋለኞቹ ደረጃዎች ነው። ታዲያ እንዴት የሺህ ዓመት ሃይማኖት ሁሉ ጠቅላይ ተወካይ አደረግናት? መልሱ ቀላል ነው፤ በፎቶ ታምራለች።

በነገራችን ላይ፣ ኋላ ከተገኙት ምስሎች አንዷ ፊቷ ጡትና ሆድ ያላት ሴት፣ ጀርባዋ ግን የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር አጽም ነው። ይቺን በዜና ርዕስ ሥር ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ቀስ ብሎ መቆፈር

በ1993 ጉብታው እንደገና ተከፈተ። መሪው ኢያን ሆደር በወጣትነቱ ለንደን ውስጥ የሜላርትን ትምህርት የተከታተለ ሰው ነው። እስከ 2018 ድረስ ሃያ አምስት ዓመት ሠራ። ሥራው ከአስተማሪው ጋር ሲነጻጸር ቀንድ አውጣ ነው። በሩት ትሪንግሃም የሚመራው የበርክሌይ ቡድን አንድን ቤት ብቻ ከ1997 እስከ 2003 ቆፍሯል። አንድ ቤት! አፈሩ በወንፊትና በውኃ ይታጠባል፣ ዘርና ፍንጥርጣሪ ይለቀማል፣ እያንዳንዱ ስስ የልስን ሽፋን ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቆፋሪው የገመተውንና ሐሳቡን የቀየረበትን ምክንያት በማስታወሻ ይጽፋል።

እዚህ ላይ በጣም የምወደውን ግኝት ልንገራችሁ። በጣሪያ ቀዳዳ ብቻ በሚተነፍስ ቤት ውስጥ ምድጃ ቢነድ ምን ይሆናል? ጭስ። ከአንዳንድ በዕድሜ የገፉ ሰዎች የጎድን አጥንት ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቁር ነገር ተገኘ፤ ዕድሜ ልክ የተነፈሱት ጥቀርሻ ነው። ሳምባው ሲበሰብስ አጥንቱ ላይ ቀረ። ጥቀርሻው በሴትም በወንድም አጽም ላይ አለ። ማለትም ሴቱ ምድጃ ሥር፣ ወንዱ ደጅ የሚል ክፍፍል በዚህ አጥንት ላይ አይታይም። የምግባቸው ኬሚካላዊ አሻራም ተቀራራቢ ነው። ከተቀበሩ በኋላ ጭንቅላታቸው ተነሥቶ የተወሰደውም የሁለቱም ፆታ ሰዎች ናቸው። በ2004 ሆደር ይህን ሲጽፍ መደምደሚያው የእመቤቶች መንደር አይደለም፣ የጌቶችም አይደለም የሚል ነበር፤ ፆታ የሰውን ኑሮ ብዙም የማይወስንበት ቦታ።

ግን የሆደር ቡድንም ከተረት አልዳነም። በ2011 ማሪን ፒሎድ እና ክላርክ ላርሰን የጥርስ ቅርጽ መዝነው፣ በአንድ ቤት ሥር የተቀበሩ ሰዎች ከሌላው መንደርተኛ ይልቅ እርስ በእርስ የሚቀራረቡ እንዳልሆኑ ዘገቡ። ጥናቱ ጥንቃቄ ያለው ነው። ከእሱ በኋላ የተባለው ግን ሮጠ፤ በቻታልሆዩክ ደም ዋጋ አልነበረውም፣ ልጅ የሁሉም ነበር፣ ቤተሰብ የምንለው ነገር ገና አልተፈጠረም ተባለ። ይሄም በራሱ ደስ የሚል ታሪክ ነው። ለዘመናችን ጆሮ የሚጥም ነው። ያ ነው የሚያሳስበኝ፤ 1960ዎቹ አምላክት ፈለጉ፣ አገኙ፤ 2010ሮቹ ከቤተሰብ ነፃ የሆነ ማኅበር ፈለጉ፣ አገኙ።

ከዚያ 2025 መጣ። በሳይንስ መጽሔት የታተመው ጥናት ከ35 ቤቶች የተቀበሩ የ131 ሰዎችን ዲኤንኤ አነበበ። በቀደሙት ደረጃዎች በአንድ ቤት ሥር የተቀበሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ዘመዳሞች ናቸው፤ ያውም በእናት በኩል። አጥኚዎቹ ሲያሰሉ ሴት ልጆች ከተወለዱበት ቤት ጋር ተያይዘው የሚቀሩት ከ70 እስከ 100 በመቶ በሚሆን ጊዜ ነው፤ ጎልማሳ ወንዶች ወደ ሌላ ቤት የሚሄዱ ይመስላል። ጊዜው እየገፋ ሲሄድ የደም ትስስሩ ይላላል፤ ምናልባት ልጅን እንደ ጉዲፈቻ ማሳደግ በዝቶ ይሆናል። ሌላም አለ፤ በሕፃንነታቸው የሞቱ ሴቶች መቃብር ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ከወንዶቹ አምስት እጥፍ ያህል ይበልጣል።

የመጨረሻውን ነጥብ ቆም ብላችሁ እዩት። የሕፃን አጽም ፆታው በአጥንቱ ቅርጽ በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም። ስለዚህ ይህ ልዩነት ለሃያ ዓመት በዓይን ፊት ተቀምጦ ሊታይ አልቻለም ነበር። ሊታይ የቻለው ዲኤንኤ ሲመጣ ነው፤ ዲኤንኤ ብቻውን ግን ዋጋ አልነበረውም። የትኛው ሕፃን ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው መደብ ሥር፣ ከየትኛው ዶቃ ጋር እንደወጣ አንድ ሰው ፀሐይ ላይ ተንበርክኮ ስለጻፈ ነው። ያንን ሲጽፍ መልሱን አያውቅም ነበር።

ታዲያ ሜላርት ልክ ነበር?

ይሄ ጥያቄ በዜናው ሁሉ ውስጥ አለ፤ አንዳንዶቹም በደስታ አዎ ብለዋል። እኔ አይደለም እላለሁ። ሜላርት ቤቱ የሴትየዋ ነው ያለው በመደብ ስፋትና በምስል ነው፤ ሁለቱም ማስረጃዎች ወድቀዋል። የፈተና መልሱ በአጋጣሚ ቢቀራረብ እንኳ ስሌቱ ስህተት ከሆነ ለተማሪ ውጤት አንሰጥም። ደግሞም መልሱ አንድ አይደለም። ሴት ልጅ በእናቷ ቤት መቅረቷ፣ ባልም ወደ እሷ መምጣቱ የመኖሪያ ሥርዓት ነው። የአገዛዝ ሥርዓት ስለመሆኑ አይናገርም። ዛሬ በዓለም ላይ ዘር በእናት የሚቆጠርባቸው፣ ግን ዳኝነቱ በእናት ወንድም እጅ የሆነባቸው ብዙ ማኅበረሰቦች አሉ። ማን የት እንደተቀበረ ከዲኤንኤ ይነበባል፤ በጉባኤ ላይ የማን ቃል ይሰማ እንደነበር አይነበብም።

«ከተማ» የሚለውም እንዲሁ። ሜላርት በመጽሐፉ ርዕስ ላይ ከተማ ብሏታል፤ ለረጅም ጊዜም ሕዝቧ ከ3,500 እስከ 8,000 ይገመት ነበር። ጉብታው ትልቅ ስለሆነ ነው። ነገር ግን የጉብታው ቤት ሁሉ በአንድ ዘመን ሰው ነበረበት ማለት አይደለም። በ2024 ኢያን ኩይት እና አርካዲዩስ ማርሲኒያክ ይህን አስተካክለው ሲቆጥሩት በአንድ ጊዜ ከ600 እስከ 800 ሰው ገደማ ደረሱ። ቁጥሩ ሊያከራክር ይችላል፤ እኔ ግን ክርክሩ ዘግይቶ የመጣ ይመስለኛል። ስምንት መቶ ሰው የሚኖርበት ቦታ በቋንቋችን መንደር ይባላል።

አንድ ትንሽ ምሳሌ ልጨምር፤ ከሁለቱም ወገን የሆነ። በ1963 ሜላርት አንድ የግድግዳ ሥዕል አገኘና የመንደሯ ካርታ ነው፣ ከኋላዋ የሚታየው ደግሞ የሚፈነዳው የሐሳን ተራራ ነው አለ። በ2006 ስቴፋኒ ሚስ የነብር ቆዳና ተራ ንድፍ ነው ብላ ተከራከረች። በ2014 ጂኦሎጂስቶች ከተራራው ላይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወስደው ሲለኩ፣ ከ8,900 ዓመት በፊት አካባቢ ፍንዳታ እንደነበር አገኙ፤ የስህተት ወሰኑ ግን ወደ ግራም ወደ ቀኝም 640 ዓመት ነው። ይሄ የሚለው በዚያ ዘመን ገደማ ተራራው ፈንድቶ ነበር ነው። ሥዕሉ ተራራ ነው አይልም። ዜናው ግን «የዓለም የመጀመሪያ ካርታ ተረጋገጠ» ብሎ አለፈ።

በዚህ የምንስቀው በሰው ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አክሱም ሄዳችሁ ዱንጉር ፍርስራሽ ላይ ብትቆሙ የሚነግሯችሁ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት መሆኑን ነው። ሕንፃው የተሠራው ከክርስቶስ ልደት ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ቁፋሮውም መዝገቡም አለ፤ ግን ስሙ ከመዝገቡ ቀድሞ ስለደረሰ የሚያሸንፈው ስሙ ነው።

ለተማሪዬ በመጨረሻ የላክሁለት መልስ ይሄን ሁሉ አይደለም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «የመንደሯ ሴቶች ከተወለዱበት ቤት ጋር ተሳስረው የሚኖሩ ይመስላል፤ ይገዙ እንደነበር አይታወቅም፤ የላክኸው ምስል የሌላ ጊዜ ናት፣ ራሷም አዲስ ነው።» ትንሽ ቆይቶ «ታዲያ ለክፍል ማቅረቢያዬ የትኛውን ፎቶ ልጠቀም?» አለኝ። ጥቀርሻ የያዘውን የጎድን አጥንት ፈልግ አልኩት። ካላገኘህ የአንድ ቤት ፕላን ተጠቀም፤ መሰላሉ፣ ምድጃው፣ ጎታው፣ መደቡ፣ ከመደቡም ሥር ያሉት ሰዎች ቁጥር ተሰጥቷቸው የሚታዩበትን። ከጉብታው የተቆፈረው ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ብቻ መሆኑንም ከሥሩ ጻፍበት አልኩት።